የትንሿ ካሜራ ልጅ

ኖቬምበር 22 ቀን 1963 አብርሃም ዛፕሩደር የሚባል የዳላስ ከተማ የሴቶች ልብስ አምራች፣ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በመኪና ሲያልፉ ሊቀርጽ ከቢሮው ወጣ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያን ዕለት ጠዋት ካሜራውን ቤቱ ትቶት መጥቶ ነበር፤ ተመልሶ እንዲያመጣው የወተወተችው የሥራ ረዳቱ ናት። ካሜራው ቤል ኤንድ ሃወል ያመረተው ባለ 8 ሚሊሜትር የቤተሰብ ካሜራ ነው፤ በመጠምዘዣ ይሞላል፣ ድምፅ አይቀዳም፣ በአንድ እጅ ይያዛል። ዛፕሩደር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሲቆም ራሱን ያዞረው ስለነበር፣ የሲሚንቶው መደብ ላይ ሲወጣ አንዲት የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ከኋላው ቆማ ደግፋ ያዘችው። የቀረጸው 26 ሰከንድ ከግማሽ ያህል ብቻ ነው፤ 486 ፍሬም። በከተማው የነበሩት የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ትልልቅ ካሜራዎች ያላገኙትን፣ ፕሬዚዳንቱ የተገደሉበትን ቅጽበት ይህ የቤት ዕቃ አገኘው። የአሜሪካ መንግሥት በ1999 ለዚያ ቁራጭ ፊልም ለቤተሰቡ 16 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ።

ቪዲዮ ለመቅረጽ ኮምፓክት ልግዛ ወይስ ሚረርለስ? ጥያቄው ዛሬ ከሰርግ ቀራጩም፣ ከዩቲዩብ ሠሪውም፣ ከዘጋቢ ፊልም ጀማሪውም አፍ ይሰማል። ኮምፓክት የምንለው ሌንሱ ከአካሉ የማይነቀል፣ የካፖርት ኪስ የሚበቃው ካሜራ ነው። ሚረርለስ ደግሞ ሌንሱ ይቀያየራል፤ በቀድሞዎቹ የባለሙያ ፎቶ ካሜራዎች ውስጥ የነበረው መስታወት ግን የለውም። ለጥያቄው መልስ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው በዋጋና በሜጋፒክስል ሰንጠረዥ ነው። እኔ ከሰንጠረዡ በፊት ታሪኩ ቢነበብ እመርጣለሁ። ትልቅና ትንሽ ካሜራ መፎካከር የጀመሩት ሲኒማ ራሱ ሲጀመር ነው፤ ፉክክሩን እስከ ዛሬ የተከተለ ሰው ደግሞ አንድ ያልጠበቀው ነገር ያገኛል፦ ሚረርለስ፣ ያ የባለሙያ የሚባለው ካሜራ፣ የተወለደው ከኮምፓክት ነው።

የኤዲሰን ኩባንያ ኪኔቶግራፍ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከባድ ካሜራ ስለነበር በ1893 ኒው ጀርሲ ውስጥ ስቱዲዮ ተሠራለት። ጡንቸኛውም፣ ዳንሰኛዋም፣ አነጣጣሪዋም እዚያ ድረስ እየመጡ ፊቱ ይቆሙ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ የሉሚየር ወንድማማቾች ሲኒማቶግራፍ ከፈረንሳይ ብቅ አለ። አምስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በእጅ ይዘወራል፤ ያው አንዱ ሣጥን ይቀርጻል፣ ፊልሙን ያትማል፣ መጋረጃ ላይም ያሳያል። የሚይዘው 17 ሜትር ፊልም 50 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው የሚሄደው። ይሁን እንጂ የሉሚየር ካሜራማኖች ወዲያው ሩሲያ፣ ግብፅ፣ ሜክሲኮና ጃፓን ደረሱ። ሰዎች ወደ ኤዲሰን ካሜራ ይሄዱ ነበር፤ የሉሚየር ካሜራ ወደ ሰዎች ሄደ። ዛሬም በአምስት ኪሎና በሦስት መቶ ግራም ካሜራ መካከል ስንመርጥ የምንመርጠው በመሠረቱ ይህንኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ሙያው 35 ሚሊሜትርን የራሱ አደረገ። ያ ፊልም ከናይትሬት ይሠራ ስለነበር በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ሳሎን ውስጥ የሚቀመጥ ነገር አልነበረም። ኮዳክ በ1923 የ16 ሚሊሜትር ፊልሙን ሲያወጣ እሳት በቀላሉ በማይበላው አሲቴት ሠራው፤ ያጠበበውም ወጪው ቤተሰብ እንዳያስደነግጥ ነው። በ1932 ከዚህም የጠበበው 8 ሚሊሜትር ተከተለ። በ1965 ደግሞ ካርትሪጁን ካሜራው ውስጥ ከትቶ ወዲያው መቅረጽ የሚያስችለው ሱፐር 8 መጣ። ሁሉም የታሰቡት ለልጆች ልደትና ለባሕር ዳርቻ ሽርሽር ነው፤ ባለሙያውም ለረጅም ጊዜ ከደረጃ በታች አድርጎ ነበር የሚያያቸው።

ይህን ንቀት ካስቀሩት ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው ፊልም ሠሪ ዣን ሩሽ ነው። በ1940ዎቹ የኒጀርን ወንዝ በጀልባ ሲወርድ ትራይፖዱ ጠፋበትና 16 ሚሊሜትር ካሜራውን በእጁ ይዞ መቅረጽ ግድ ሆነበት። ያ ካሜራ አንዴ ተጠምዝዞ የሚሄደው 25 ሰከንድ ያህል ነው። ሩሽ እያንዳንዱን ቀረጻ በዚያች አጭር ጊዜ ልክ ማሰብን ተማረ፤ ከሰዎቹ ራቅ ብሎ መቆሙን ተወና መሃላቸው ገባ። በ1960 ከኤድጋር ሞረን ጋር ፓሪስ ውስጥ ስለ ተራ ሰዎች ኑሮ ሲቀርጽ ትከሻ ላይ የሚሆን አዲስ ቀላል 16 ሚሊሜትር ካሜራና ተንቀሳቃሽ የናግራ ቴፕ መቅጃ በእጁ ገብቶ ነበር። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ሮበርት ድሩ ከሊኮክ፣ ከፔኔቤከርና ከሜይስልስ ጋር ሆኖ ኬኔዲና ሀምፍሪ ዊስኮንሲን ላይ ለዕጩነት ሲወዳደሩ “ፕራይመሪ” የሚለውን ፊልም ሠራ። መኪና ውስጥ፣ ሆቴል ክፍል ውስጥ፣ በሕዝብ ግፊያ መሃል ከተወዳዳሪዎቹ ጀርባ ጀርባ እየሄዱ ነው የቀረጹት። በስቱዲዮው 35 ሚሊሜትር ካሜራ ይህ ፊልም ባልኖረ ነበር። ዛሬ ዘጋቢ ፊልም የምንለው አብዛኛው ነገር የወጣው ከዚህ ከተናቀው ካሜራ ነው።

ከእኛም አገር ታላቅ ምስክር አለ። ኃይሌ ገሪማ ሎስ አንጀለስ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲማር በነበረበት ዘመን ወደ አገሩ ተመልሶ “ምርት ሦስት ሺህ ዓመት”ን በጥቁርና ነጭ 16 ሚሊሜትር ቀረጸ። ፊልሙ በ1976 ወጣ። የጭሰኛ ቤተሰብንና የባለርስቱን ኑሮ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል፣ በአማርኛ፣ በአብዛኛው ተዋናይነትን ሙያቸው ባላደረጉ ሰዎች ያሳያል። የምስሉን ሻካራነት እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ፤ አልስማማም። ያ ሻካራነት ከአፈሩና ከላቡ ጋር ይሄዳል፤ ካሜራው ቀላል ባይሆን ኖሮም እነዚያ ሰዎች እንደዚያ ዘና ብለው ፊቱ አይቀመጡም ነበር ብዬ አምናለሁ።

የቪዲዮ ቴፕ ዘመን ያንኑ መንገድ በፍጥነት ሄደበት። በ1967 የወጣው የሶኒ ፖርታፓክ ካሜራውና መቅጃው የተለያዩ ነበሩ፤ መቅጃው ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሁለቱ አንድ አካል ሆኑ። በ1989 ሶኒ 790 ግራም የምትመዝን ሃንዲካም አውጥቶ ስፋቷ ከፓስፖርት አይበልጥም ብሎ አስተዋወቃት። በ1995 ዲጂታሉ ሚኒ ዲቪ መጣ። ዴንማርካዊው ቶማስ ቪንተርበርግ “ፌስተን” የተባለውን ፊልሙን በመዳፍ በምትያዝ የሶኒ ሚኒ ዲቪ ካሜራ ቀርጾ ወደ 35 ሚሊሜትር አስገለበጠው፤ በ1998 ካን ላይ የዳኞችን ሽልማት አገኘ። ታሪኩ በአንድ የልደት ድግስ ላይ የሚፈርጥ የቤተሰብ ምሥጢር ነው። ካሜራዋ በማዕዱ ዙሪያ፣ በደረጃው ላይ፣ በሰዎች ትከሻ መሃል እንደ አንድ እንግዳ ትዞራለች። ምስሉ ደብዛዛ ነው፤ ዳኞቹ ግን ደብዛዛነቱን አልቆጠሩትም። ከሁለት ዓመት በኋላ አኜስ ቫርዳ፣ ሰባዎቹን የያዘች አንጋፋ፣ “ቃራሚዎቹ” የተሰኘውን ዘጋቢ ፊልሟን ስትሠራ በአንድ እጇ ትንሿን ዲጂታል ካሜራ ይዛ ሌላውን እጇን ቀረጸች። የተሸበሸበውን የራሷን ቆዳ ያለ ረዳት፣ ያለ መብራት እንዲያ ቀርቦ ለማየት ከዚያች ካሜራ በቀር የሚያስችላት አልነበረም።

ወደ መስታወቱ እንምጣ።

ለአሥርተ ዓመታት ባለሙያው ፎቶግራፈር የያዘው ካሜራ ውስጥ በ45 ዲግሪ የተጋደመ መስታወት ነበር። በሌንሱ የገባው ብርሃን መስታወቱ ላይ ያርፋል፣ ወደ ላይ ይነጥራል፣ በፕሪዝም ታጥፎ ወደ ዓይን ይደርሳል። ፎቶ ሲነሳ መስታወቱ ብድግ ይልና ብርሃኑ ወደ ፊልሙ ያልፋል፤ ያን ጊዜ ዓይን ለቅጽበት ምንም አያይም። ለአንድ ፎቶ ይህ ምንም አይደለም። በሰከንድ 24 ፍሬም ለሚፈልግ ተንቀሳቃሽ ምስል ግን ችግር ነው። ጀርመኖቹ አርኖልድና ሪሽተር በ1937 አሪፍሌክስ 35ን ሲያወጡ መላ አገኙለት። መስታወቱን በሚሽከረከረው ሻተር ላይ ገጠሙት፤ ሻተሩ ብርሃኑን ከፊልሙ በሚከልልበት ቅጽበት ያው ብርሃን ወደ ካሜራማኑ ዓይን ይሄዳል። የፊልም ካሜራማን በራሱ ሌንስ በኩል እያየ መቅረጽ የቻለው በዚህ ነው። የፎቶ ካሜራው መስታወት ግን እንዲህ ሊሽከረከር የሚችል አልነበረም።

የፎቶው መስታወትና ተንቀሳቃሽ ምስሉ የተፋጠጡት በ2008 ነው። በኦገስት መጨረሻ ኒኮን ዲ90ን አስተዋወቀ፤ ቪዲዮ የሚቀርጽ የመጀመሪያው ባለመስታወት ዲጂታል ካሜራ ነው። በሴፕቴምበር ካነን 5ዲ ማርክ 2ን አስከተለ። የካነኑ ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የሲኒማው 35 ሚሊሜትር ፍሬም ስፋት 25 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ከሰውየው ኋላ ያለውን ዓለም የማለስለስ ችሎታ፣ ፊልም ሠሪዎች በውድ ኪራይ ያገኙት የነበረው ያ መልክ፣ ድንገት የፎቶግራፈር ቦርሳ ውስጥ ገባ። ፎቶግራፈሩ ቪንሰንት ላፎሬ በአንድ የሳምንት መጨረሻ ኒው ዮርክ ውስጥ “ሬቨሪ” የተባለ አጭር ፊልም ቀርጾበት ዓለምን አስደነቀ። በ2010 “ሀውስ” የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ የዓመቱን ማሳረጊያ ክፍል ቀረጸበት።

የዚያ ሴንሰር ልክ ራሱ ታሪክ አለው። ዌትዝላር በሚገኘው የላይትስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኦስካር ባርናክ የሲኒማ ፊልምን በጎን አጋድሞ የሁለት ፍሬም ቦታ ለአንድ ፎቶ ሰጠ፤ በ1925 ለገበያ የቀረበችው ላይካ በዚህ ልክ ተሠራች። ፎቶግራፍ ልኩን ከሲኒማ ተበድሮ ነበር ማለት ነው፤ ከ83 ዓመት በኋላ በ5ዲ ማርክ 2 ብድሩን መለሰ።

ነገር ግን በዚያ ካሜራ የቀረጸ ሁሉ መከራውን ያውቃል። ቪዲዮ ሲጀመር መስታወቱ ተነስቶ ይቀራል፤ በመመልከቻው ሲያዩ ጨለማ ነው። በጀርባው ስክሪን መቅረጽ ይመጣል፤ ፀሐይ ላይ ስክሪኑ አይታይም፤ ሰዎች ማጉያ መነጽር ስክሪኑ ላይ ይለጥፉ ነበር። ፎከስ የሚያደርገው ፈጣኑ መሣሪያ በመስታወቱ ብርሃን የሚሠራ ስለነበር መስታወቱ ሲነሳ አብሮ ሥራ ያቆማል። ፎከሱ በእጅ ነው፤ ያውም በዚያ ሁሉ ልስላሴ ውስጥ፣ ትክክለኛው ርቀት በጣት ስፋት በሚለካበት። ዓመታት ሙሉ የሰርግ ቪዲዮዎቻችን ሙሽራዋ ወደ ካሜራው ስትራመድ ለምን ይደበዝዙ እንደነበር ምክንያቱ ይኸው ነው። መስታወቱ ለቪዲዮ አንዲት ጥቅም ሳይኖረው ቦታ ይይዛል፣ ክብደት ይጨምራል፣ ዓይን ይጋርዳል።

በዚያው በሴፕቴምበር 2008 ፓናሶኒክ ሉሚክስ ጂ1ን አስተዋወቀ። መስታወቱን ከነፕሪዝሙ አውጥቶ ጣለው። ቪዲዮ ለጊዜው አልነበረውም፤ በሚቀጥለው ዓመት የመጣው ጂኤች1 ግን ሙሉ ኤችዲ ይቀርጽ ነበር። መስታወት ሲወጣ የሚቀረው ምንድን ነው? ብርሃን በሌንስ ገብቶ በቀጥታ ሴንሰር ላይ ያርፋል፤ ሴንሰሩ ያየውን ስክሪን ላይ ያሳያል። ከ1995 ጀምሮ፣ ካሲዮ ከጀርባዋ ስክሪን ያላትን ኪውቪ 10 ካወጣ ወዲህ፣ አብዛኛው ዲጂታል ኮምፓክት ካሜራ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ሌሎቹንም ችሎታዎች ወደ ኋላ ብንከተላቸው ወደዚያው ይወስዱናል። የእጅን መንቀጥቀጥ ለመመከት ሴንሰሩን ራሱን ማንቀሳቀስ በ2003 የወጣችው ሚኖልታ ኤ1 ላይ ነበር፤ ሌንሷ የማይነቀል ካሜራ ናት። ፎከስን በሴንሰሩ ላይ በተተከሉ ነጥቦች በፍጥነት መፈለግ ደግሞ በ2010 በፉጂፊልም የኪስ ካሜራ፣ ኤፍ300ኢኤክስአር በምትባለው፣ ጀመረ። ዛሬ የሚረርለስ ኩራት የሆኑት ሦስቱ ነገሮች፣ ማለትም ሴንሰሩ የሚያየውን በቀጥታ ማየት፣ የማይንቀጠቀጥ ምስልና የሙሽራዋን ዓይን የሚከተል ፎከስ፣ ሁሉም በኮምፓክት ቤት የተወለዱ ናቸው። ኮምፓክትን መጫወቻ ብሎ ለሚያጣጥል ባለሙያ ይህን ዝምድና ባስታውሰው ደስ ይለኛል።

ልጁ ግን የወላጁ ግልባጭ አይደለም። መስታወቱ ሲወጣ በሌንስ መግጠሚያውና በሴንሰሩ መካከል የነበረው ርቀት አጠረ፤ በካነን ባለመስታወቶች 44 ሚሊሜትር የነበረው በሶኒ ሚረርለስ 18 ሆነ። በተረፈው ክፍተት አስማሚ ቀለበት ገባና የማንኛውም ዘመን ሌንስ መግጠም ተቻለ። የሶቪየት ዜኒት ካሜራ 58 ሚሊሜትር ሄሊዮስ ሌንስ በጥቂት ገንዘብ ተገዝቶ ባለ 4ኬ ካሜራ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ እርምጃው ፈጣን ነበር። ሶኒ በ2013 ኤ7ን ከሙሉ ፍሬም (36 በ24 ሚሊሜትር) ሴንሰር ጋር፣ በ2014 በጨለማ የሚያየውን ኤ7ኤስን አወጣ። በዚያው ዓመት ፓናሶኒክ ጂኤች4 4ኬን በራሱ ካርድ ላይ የቀረጸ የመጀመሪያው ሚረርለስ ሆነ። በ2018 ካነንና ኒኮን በሙሉ ፍሬም ሚረርለስ ሳይወዱ በግድ ተከተሉ።

ኮምፓክቱ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሊሞት ተቃርቦ ነበር። በ2010 የጃፓን አምራቾች ለዓለም የላኩት ዲጂታል ካሜራ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነው፤ አብዛኛው ኮምፓክት። በ2020 የሁሉም ዓይነት ካሜራ ድምር ከ9 ሚሊዮን በታች ወረደ። ስልክ በላቸው። የተረፉት ስልክ የማይሰጠውን የሰጡት ናቸው። ሶኒ በ2012 ያወጣት አርኤክስ100 ሸሚዝ ኪስ በሚገባ አካል ውስጥ አንድ ኢንች የሚባለውን ሴንሰር አስገባች። በ2020 ዜድቪ 1 ለቪዲዮ ሠሪዎች ተብላ መጣች፤ 294 ግራም፣ የሚገለበጥ ስክሪን፣ ሦስት ማይክ ከንፋስ መከላከያው ጋር። የዲጄአይ ኦስሞ ፖኬት 3 በ2023 ያንኑ የሴንሰር ልክ ምስሉን ከሚያረጋጋ ጊምባል ጋር አዋሐደ፤ 179 ግራም ብቻ።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። የአንድ ኢንች ሴንሰር 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር ነው። ሱፐር 16 የሚባለው የፊልም ፍሬም ስፋቱ 12.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ በልክ ተቀራራቢ ናቸው። ኤፒኤስሲ የሚባለው የብዙ ሚረርለሶች ሴንሰር ደግሞ ወደ 35 ሚሊሜትር የሲኒማ ፍሬም ይጠጋል። ስለዚህ ጥሩ ኮምፓክት የያዘ ሰው በእጁ የሩሽና የድሩ ልክ አለው፤ ሚረርለስ የያዘው የስቱዲዮው ልክ አለው። በ16 ሚሊሜትር ምን ዓይነት ፊልም በደንብ እንደሚሠራ፣ በ35 ደግሞ ምን፣ የሲኒማ ታሪክ ዘርዝሮ መልሶልናል፤ እንደ አዲስ መከራከር አያስፈልገንም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የሙሉ ፍሬም ሴንሰር የቆዳ ስፋት 864 ካሬ ሚሊሜትር፣ የአንድ ኢንቹ 116 ነው። በአንድ ዓይነት የሌንስ መክፈቻ ትልቁ ከሰባት እጥፍ በላይ ብርሃን ይሰበስባል። ቀን፣ መንገድ ላይ፣ ገበያ ውስጥ ይህ ልዩነት እምብዛም አይታይም። ሌሊት ግን ይፈርዳል። በጧፍ ብርሃን ማኅሌት የቆሙ ካህናትን የቀረጸ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል፦ ኮምፓክቱ ጥቁሩን የሚነክስ ነጠብጣብ ሲሞላው፣ ሙሉ ፍሬሙ ሚረርለስ ከኤፍ 1.8 ሌንስ ጋር (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ መክፈቻው ይሰፋል) የጠምጣሙን ነጭና የፊታቸውን ጥላ ለይቶ ያወጣል። እዚያ ላይ ክርክር የለም።

በሌላ በኩል ትንሽነት ለሌንስ ጸጋ ነው። ለትንሽ ሴንሰር ብሩህ ዙም መሥራት ቀላል ስለሆነ ዜድቪ 1 ከ24 እስከ 70 ሚሊሜትር የሚያህል፣ ከኤፍ 1.8 እስከ 2.8 የሚከፈት ሌንስ በአካሏ ውስጥ ትይዛለች። ለሙሉ ፍሬም የተሠራው የሶኒ 24-70 ኤፍ 2.8 የመጀመሪያ እትሙ ብቻውን 886 ግራም ነበር፤ ሌንሱ ከሙሉ ካሜራዋ ሦስት እጥፍ ይከብዳል።

ሁለቱንም የሚያሸንፍ አንድ ጠላት አለ፤ ሙቀት። ሴንሰር ቪዲዮ ሲቀርጽ ይግላል፣ ትንሽ አካል ደግሞ ሙቀቱን የሚያስወጣበት የለውም። በ2015 የወጣችው አርኤክስ100 ማርክ 4 4ኬን በአንድ ጊዜ ከአምስት ደቂቃ በላይ አትቀርጽም ነበር። የካነን አር5 ሚረርለስ በ2020 8ኬ ይዞ ሲመጣ በሙቀት መቆሙ ትልቅ መነጋገሪያ ሆነ። ፓናሶኒክ ኤስ1ኤች፣ በኋላም ሶኒ ኤፍኤክስ3 ማራገቢያ አስገቡ። ብዙዎች በሙቀት ያሳበቡት ሌላ ገደብ ግን ከምህንድስና የመጣ አልነበረም። በአውሮፓ ኅብረት የቀረጥ ደንብ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ ያለማቋረጥ የሚቀርጽ ካሜራ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ይቀረጥ ነበር፤ አምራቾች ያንን ለመሸሽ ካሜራዎቻቸውን 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ አቆሟቸው። ስንት ቃለ መጠይቅ፣ ስንት ስብከት፣ ስንት የሽምግልና ንግግር በዚያች ሰከንድ እንደተቆረጠ ማን ይቆጥረዋል!

ጋሬዝ ኤድዋርድስ “ዘ ክሪኤተር” የተባለውን የ80 ሚሊዮን ዶላር ፊልሙን (2023) በኤፍኤክስ3 ነው የቀረጸው። ገንዘቡ ማንኛውንም የሲኒማ ካሜራ ለመከራየት ይበቃው ነበር። እሱ ግን በጥቂት ሰው ብዙ አገር እየዞሩ በእውነተኛ ቦታ መቅረጽን፣ ካሜራውን በእጁ ይዞ በተዋንያኑ ዙሪያ መንቀሳቀስን መረጠ። ሚረርለሱን ሆሊውድ ያስገባው ከወላጁ የወረሰው ነገር ነው፤ ትንሽ መሆኑ።

በእኛ አገር ደግሞ ትንሽነት ሌላ ዋጋ አለው። ትልቅ ካሜራ ሲወጣ ሰው ይለወጣል፤ እናቶች ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ ሽማግሌው ድምፁን ያሳምራል፣ ጥበቃው ፈቃድ ይጠይቃል። ዋሽንግተን ወይም ሪያድ የሚኖር ልጅ ለእረፍት መጥቶ የአያቱን ታሪክ ሊቀዳ ሲቀመጥ በመካከላቸው ያ ሁሉ መሣሪያ ባይቆም ይሻላል። በሳሎን መስኮት ብርሃን፣ በአንድ እርምጃ ርቀት፣ እንዲህ ላለው ሥራ ኮምፓክት ይበቃል ብቻ ሳይሆን ይመረጣል። የሰርግ ሥራ የሚሠራው ባለሙያ ደግሞ ከጠዋቱ የሙሽራዋ ቤት እስከ ማታው አዳራሽ ድረስ ብርሃኑ በየሰዓቱ እየተለዋወጠ ይጠብቀዋል፤ ለእሱ ሚረርለስ የግድ ነው፤ ሁለት የሜሞሪ ካርድ የሚይዝ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል፤ ጥሎሽ ሁለት ጊዜ አይጣልምና።

በገበያው ላይ በብዛት የማየው ስሕተት በሁለቱ መካከል ያለው ነው። ሰው ያለውን አሟጥጦ የኤፒኤስሲ ሚረርለስ ይገዛል፣ ለሌንስ ሳይተርፈው ከሣጥኑ ጋር በመጣው ዙም ይቀራል። ያ ዙም ሰፊው ጫፉ ላይ ኤፍ 3.5፣ ረጅሙ ጫፍ ላይ 5.6 ነው። የኤፒኤስሲው ሴንሰር ከአንድ ኢንቹ ሦስት እጥፍ ያህል ይሰፋል፤ የኮምፓክቷ ኤፍ 1.8 ሌንስ ደግሞ ከኤፍ 3.5 አራት እጥፍ ገደማ ብርሃን ታስገባለች። ሒሳቡን ያሰላ ሰው ያየዋል፦ ባለ ኪት ሌንሱ ሚረርለስ በዚያች የኪስ ካሜራ በብርሃን ይበለጣል፤ ኋላውን በማለስለስም አይበልጣትም። ሚረርለስ ሚረርለስ የሚሆነው ብሩህ ሌንስ ሲገጠምለት ነው። ለዚያ ሌንስ የሚሆን ገንዘብ እስኪገኝ ድረስ ጥሩ ኮምፓክት ገዝቶ፣ የተረፈውን ደረት ላይ ለሚሰካ ገመድ አልባ ማይክ ማዋል ይሻላል።